በጎንደር ሥዕሎች ውስጥ ሰው፣ እንስሳና ተፈጥሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥዕል በማስተምርበት ክፍልም ሆነ እንግዳ ይዤ አብያተ ክርስቲያናቱን ስዞር ደጋግመው የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ምልክታዊ ሥዕል ሲባል ምን ማለት ነው?

ከሚታየው በላይ የሚናገር ሥዕል ማለት ነው። አንበሳው አንበሳ መሆኑ አይካድም፤ የተሣለው ግን ስለ አንበሳ ሊነግረን አይደለም። ቅኔ በሚቆጠርበት አገር ይህን ማስረዳት ብዙ አያደክምም፦ ሰሙ አንበሳው ነው፣ ወርቁ ከሥሩ አለ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው የሚጠብቀው «አንበሳ = ንጉሥ፣ እርግብ = ሰላም፣ እባብ = ሰይጣን» የሚል መዝገበ ቃላት ነው። የጎንደር ሥዕል በዚህ መንገድ አይነበብም። እንስሳው ምን ማለት እንደሆነ የሚታወቀው ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር በሚያደርገው ነገር ነው። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚህ ይመለሳሉ።

በጎንደር የት ሄጄ ልያቸው?

መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሂዱ። ደብሩ የተመሠረተው በቀዳማዊ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት (1682–1706) ነው፤ ዛሬ የምናየው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃና የውስጡ ሥዕል ግን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ባዶ ቦታ የለውም። ሲወጡ አንገትዎን ያምዎታል፤ ያልታመመ ሰው ጣሪያውን አላየም ማለት ነው። የካሜራ ብልጭታ ቀለሙን ስለሚጎዳ ያጥፉት።

ከዚያ ወደ ቁስቋም ይውጡ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ባሠሩት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግድግዳ ላይ ከቀላ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎችና እንስሳት አሉ። ጊዜ ወስደው ቢፈልጉ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ አንበሳ ተቀምጠው ያገኟቸዋል። ብዙ አስጎብኚ ሳያሳይ የሚያልፈው ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ከከተማዋ ምልክቶች ሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነው። ቀን ከተረፈዎት ደግሞ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር የነበረችው ወለቃ ትገኛለች። እዚያ አንበሳው ቀለም ሳይሆን ጭቃ ሆኖ መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቅዎታል።

በሥላሴ ሥዕል ዙሪያ በአራቱ ማዕዘን ያሉት እንስሳት ምንድን ናቸው?

አርባዕቱ እንስሳ ይባላሉ፤ ገጸ ሰብእ (የሰው ፊት)፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕም (የበሬ ፊት) እና ገጸ ንስር። ምንጫቸው ትንቢተ ሕዝቅኤልና የዮሐንስ ራእይ ሲሆን የጌታን ዙፋን የሚሸከሙ ናቸው። በዓላቸው ኅዳር 8 ቀን ይከበራል። ከአራቱ ወንጌላውያን ጋርም ይዛመዳሉ፦ ሰው የማቴዎስ፣ አንበሳ የማርቆስ፣ ላሕም የሉቃስ፣ ንስር የዮሐንስ።

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። የበዓሉ ትምህርት ግን አንድ ሌላ ነገር ይጨምራል፦ እያንዳንዱ ስለ ወገኑ ይለምናል። ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ላሕም ስለ ቤት እንስሳት፣ ገጸ ንስር ስለ አእዋፍ። ይህን ይዘው ሥዕሉን እንደገና ይመልከቱት። ሰው መካከል ላይ አልተቀመጠም፤ ከአራቱ ማዕዘን አንዱን ብቻ ነው የያዘው። ጅቡም፣ በሬውም፣ ጭልፊቱም በዙፋኑ ፊት ጠበቃ አላቸው።

አንድ ገበሬ ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ ጅራፉን ሳነሣ የሚያይብኝ አለ በሉኛ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምነግረው በእርሳቸው አነጋገር ነው።

አንበሳና ነብር የከበቧቸው፣ ሰውነታቸው በጠጉር የተሸፈነው አባት ማን ናቸው?

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ አገሬው «አቦ» ብሎ ይጠራቸዋል። ከግብፅ መጥተው በዝቋላና በምድረ ከብድ እንደኖሩ ገድላቸው ይናገራል። ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር ይከተሏቸው ነበር። ሠዓሊው ሁሉንም ስለማያደርሳቸው ከግራና ከቀኝ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ይሥላቸዋል፤ ብዙ ጊዜም አንዲት ወፍ ከዓይናቸው ስትጠጣ ይታያል። ውኃ የጠማት ወፍ እንባቸውን እንደጠጣች ነው የሚተረከው።

ብዙ እንግዳ «አውሬውን ያስገበሩ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሥዕሉን ልብ ብለው ቢያዩት ግን ሰንሰለት የለም፣ ጅራፍ የለም፣ ጦርም የለም። አንበሶቹ አልተሸነፉም፤ አብረው ይኖራሉ። ጻድቁም ልብስ የላቸውም፣ እንደ አራዊቱ ጠጉር ለብሰዋል። ማን ወደ ማን እንደተጠጋ ይጠይቁ፤ አውሬው ወደ ሰው ብቻ ሳይሆን ሰውም ወደ አውሬው ተጠግቷል። አዳም ከመውደቁ በፊት የነበረው ሰላም በቀለም ሲገለጽ እንዲህ ይመስላል። ከቁስቋሙ አቡነ ሳሙኤል ጋር የሚያገናኛቸውም ይኸው ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሁልጊዜ ነጭ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ፈረሱ ሰማዕቱን ከሌሎች ፈረሰኞች የምንለይበት ምልክት ስለሆነ ነው። ነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶ የሚወጋው ጊዮርጊስ ነው። ጥቁር ፈረስ ተቀምጦ ንጉሥ ዑልያኖስን የሚወጋው መርቆሬዎስ ነው። ማንበብ የማይችል ምእመን ከሩቅ ሆኖ በፈረሱ ቀለም ማን እንደሆነ ያውቃል።

ዛፍ ላይ ያለችውስ ልጅ? ብሩታዊት ናት፤ ለዘንዶው የተሰጠችው የቤሩት ልጅ። በሌላ አገር ሥዕል መሬት ላይ ቆማ ትታያለች፤ የእኛ ሠዓሊ ግን ዛፍ ላይ አወጣት። አውሬ የመጣበት ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ እረኛ የነበረ ሠዓሊ መሆን አለበት እላለሁ፤ ማስረጃ የለኝም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው።

እባብ ሁልጊዜ ሰይጣን ማለት ነው?

አይደለም። በጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ያለው ዘንዶ ክፉ ነው፤ ሔዋንን ያሳታትም እንዲሁ። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ አናት ያወጣቸው ዘንዶ ግን አገልጋይ ነው። ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቅርፊታቸውም፣ ጥምዝምዛቸውም ያው ነው። ልዩነቱ አንዱ ሰው ሊውጥ የመጣ ሲሆን ሌላው ሰው ተሸክሞ መውጣቱ ላይ ነው።

መዝገበ ቃላት አይሠራም ያልኩት ለዚህ ነው። ፈረሱንም፣ ወፉንም፣ በሬውንም በዚሁ መንገድ ይፈትኗቸው፦ ለሰውየው ምን እያደረገለት ነው? ሰውየውስ ለእርሱ?

በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው ፊቶች ወፎች ናቸው ወይስ ሰዎች?

ኪሩቤል ናቸው፤ ራስና ክንፍ ብቻ አላቸው። ዓይኖቻቸው በየአቅጣጫው ስለሚያዩ የትም ቢቆሙ የሚያይዎት አለ። ብዛታቸውን ቆጥረው እርስ በርስ የሚከራከሩ እንግዶች ብዙ ናቸው። እኔ መቁጠር ትቻለሁ።

ከአንበሳ ጋር ጎንደር ለምን ይህን ያህል ተቆራኘች?

በ1636 አካባቢ በአፄ ፋሲል የተቆረቆረችው ከተማ የነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ነገሥታቱም ከይሁዳ ነገድ አንበሳ ጋር ራሳቸውን ያስተሳስሩ ነበር። በፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤት አለ፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግንብም በዚሁ ይተረጎማል። አሥራ ሁለቱ ማማዎች ሐዋርያትን፣ መግቢያው ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ክርስቶስን ይወክላል ይባላል። ጅራቱን በግንቡ ላይ የሚያሳዩ አስጎብኚዎች አሉ፤ አንዴ ካዩት በኋላ ጅራት አይደለም ማለት ይከብዳል።

በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያሉት ነጫጭ እንቁላሎችስ?

የሰጎን እንቁላል ነው። ሰጎን እንቁላሏን እስክትፈለፍል ድረስ ዓይኗን አትነቅልም ይባላል፤ ዓይኗን ካነሣች ይበላሻል። ስለዚህ የእግዚአብሔርን ጥበቃ ያመለክታል፤ ለሚጸልይ ሰው ደግሞ ልብህን አትበትን ይላል። ሰጎን በእርግጥ እንዲህ ታደርጋለች ወይ ብሎ መጠየቅ የእንስሳት ተመራማሪ ሥራ ነው፤ ምልክቱ ከዚያ ቀድሞ ሥራውን ጨርሷል።

ሐረግ ምንድን ነው? አበባና ቅጠልስ ትርጉም አላቸው?

ሐረግ በብራና መጽሐፍ ገጽ ራስጌና ዳርቻ የሚሠራው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም፣ በአጥር የሚያልፍ ተክል ነው። መስመሩ ሲገባ ሲወጣ መነሻውም መድረሻውም ይጠፋል፤ አንዳንዴም መካከሉ ላይ ወፍ ታርፋለች። ተማሪ ሐረግ ሲጀምር በማስመሪያ ሊሠራው ይሞክራል። ማስመሪያውን እቀበለውና አጥር ላይ ያለውን ሐረግ እንዲያይ ወደ ውጭ እልከዋለሁ።

አበባን በተመለከተ ግን ቁስቋምን መጥራት ግድ ነው። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት የግብፅ ቦታ ስም ነው፤ ምንትዋብም ደብሯን በዚያ ሰየመች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም እመቤታችንና ልጇ በአበባና በፍሬ ይመሰላሉ፤ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ይሆናል። ተራራው ገና በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ሳለ ስለ አበባ ይዘመራል። ሠዓሊው በእመቤታችን እጅ አበባ ሲያስይዝ ከየት እንዳመጣው ለማወቅ ቤተ መጻሕፍት መሄድ አያስፈልግም፤ በመስከረም መጨረሻ በመስኮት ማየት ይበቃል።

ሥዕሎቹ ከምን ነው የሚሠሩት?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመጣው ከመጨረሻ ነው። ቀድሞ መምጣት ነበረበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የሰውና የእንስሳ ትስስር ከሥዕሉ ይልቅ በሥዕሉ ጀርባ ይበልጣል። መጽሐፍ ከሆነ ብራናው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ በስለት ይፋቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በድንጋይ ይለሰልሳል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ማለት አንድ መንጋ ማለት ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ይዘጋጃል፤ ብዕሩ መቃ ነው። ጥሩ ብራና ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት የጠጉሩ ሥር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ በአንዳንዱም የቁስል ጠባሳ ይገኛል። ጸሐፊው ጠባሳውን ዞሮ ይጽፋል። እንስሳው በሕይወቱ የተወጋበት እሾህ ከ300 ዓመት በኋላ የዓረፍተ ነገርን መንገድ ሲያስቀይስ ማለት ነው።

የግድግዳው ሥዕል ሌላ ነው። ግድግዳው በጭቃና ጭድ ይመረጋል፤ በላዩ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ሥዕሉ በጨርቁ ላይ ይውላል። ሙጫው ከቆዳ የሚቀቀል ነው፤ የእንቁላል አስኳልም ለቀለም ማያያዣ ይውላል። ቀዩና ቢጫው ከአፈርና ከማዕድን፣ ጥቁሩ ከከሰል ነው፤ አንዳንዱን ቀለም ደግሞ የሲራራ ነጋዴ ከሩቅ ያመጣ ነበር።

እንግዲህ ይደምሩት፦ ሣሩን በግ በላው፣ በጉ ብራና ሆነ፣ ጥጡ ጨርቅ ሆነ፣ ዶሮዋ ቀለሙን አያያዘች፣ ንቧ ሰም ሰጥታ ጧፍ ሆነች፣ በጧፉ ብርሃን ሥዕሉ ታየ። «ተፈጥሮን የሚያሳይ ሥዕል» ሲባል ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። ራሱ ተፈጥሮ ነው።

ንቦች ደብረ ብርሃን ሥላሴን አዳኑ የሚባለው እውነት ነው?

በ1888 ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቷን ማቃጠላቸው የታሪክ ሐቅ ነው፤ ቁስቋምም ከተቃጠሉት አንዷ ናት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ መትረፏም ሐቅ ነው። በመካከሉ ያለው የንቡ መንጋ የአባቶች ትውፊት ነው፦ ወራሪዎቹ ሲጠጉ ንብ ከቅጥሩ ወጥቶ መለሳቸው፤ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ በበሩ ቆመ።

ለእኔ የሚደንቀኝ ትውፊቱ ማንን ጀግና እንዳደረገ ነው። አንበሳ ሊል ይችል ነበር፤ አንበሳ የሞላበት ከተማ ነው። ንብ አለ። ጧፉን የምትሰጠው፣ ጠላውን ሳይሆን ጠጁን የምትሰጠው ትንሿ ፍጥረት ቤቷን ስትከላከል። ንብ ቀፎ ያለው ጎንደሬ ደግሞ ይህን ታሪክ ለማመን ብዙ አይቸገርም።

ክፉዎች በአንድ ዓይን፣ ደጎች በሁለት ዓይን ይሣላሉ ይባላል፤ ታዲያ ፈረሱስ?

ልማዱ እውነት ነው። ቅዱሳን ፊት ለፊት ወይም ትንሽ ዞር ብለው ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ይሁዳ፣ ሰቃልያን (ጌታን የሰቀሉት) እና አጋንንት በጎን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ደግ ሰው ያይሃል፣ አንተም ታየዋለህ፤ ክፉው ግን ዓይን ለዓይን አይገጥምም።

ፈረስና አህያ ብዙ ጊዜ በጎን ይሣላሉ፤ ይህ ግን ክፉ አያደርጋቸውም፤ ሕጉ ለሚመርጥ ፍጥረት ነውና፤ በጎን መቆምም የፈረስ ተፈጥሮው ነው። አንበሳ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። የአቦን አንበሶች ልብ ብለው ይዩአቸው፤ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ፊታቸውም የሰው ይመስላል። እንግዶች «ሠዓሊው አንበሳ አያውቅም ነበር» እያሉ ይስቃሉ። አንበሳ የሚጠበቅበት ቤተ መንግሥት ባለበት ከተማ? እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው፤ ከቅዱሳን ጋር የኖረ አውሬ የቅዱሳኑን ዓይን ተሰጠው።

ጠልሰም ሥዕል ነው ወይስ ጥንቆላ?

ጠልሰም በረጅም ጠባብ ብራና ላይ ከጸሎት ጋር የሚሣል የመከላከያ ሥዕል ነው፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና ይያዛል። ትልልቅ ዓይኖች፣ ፊቶች፣ የተጠላለፉ መስመሮችና ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች ይበዙበታል። ቅዱስ ሱስንዮስም በፈረስ ሆኖ ሕፃናት ገዳይዋን ወርዘልያን ሲወጋት ይታያል። የብራናው ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። በጉ ወይም ፍየሉም ለዚያ ሰው ተብሎ፣ የጠጉሩ ቀለም በደብተራው ታዝዞ ይታረዳል። አንድ ሰው፣ አንድ እንስሳ፣ አንድ ሥዕል። ከዚህ የጠበቀ ትስስር በየትኛውም የሥዕል ዓይነት አላየሁም።

ብዙ ካህናት ይህን አይቀበሉትም፤ ከጸሎት ይልቅ ወደ አስማት ያደላል ይላሉ። እኔ የሃይማኖት ዳኛ አይደለሁም። መስመሩን ግን አስተምራለሁ፤ ዓይንን በዚያ ኃይል የሣለ እጅ መጠናት አለበት።

ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ በጥንት ሥዕሎች ለምን አይታዩም? የሰሜን ተራሮች እዚህ አጠገብ አይደሉ?

አጠገብ ናቸው፤ ብሔራዊ ፓርኩም በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንቱ ሠዓሊ ግን የሚሥለው በመጽሐፍ የተጻፈውን ነው። አንበሳ፣ ንስር፣ በሬ፣ ዘንዶና እርግብ በመጽሐፍ አሉ፤ ዋልያ ግን በሚሣሉት ታሪኮች ውስጥ ቦታ የለውም። ሠዓሊው ገደሉ ላይ ቢያየውም ወደ ግድግዳ የሚያስገባበት በር አልነበረውም።

ሰሜን ግን በሌላ መንገድ ገብቷል፤ በቅዱስ ያሬድ። ዜማን ከኤዶም ገነት በመጡ ሦስት አእዋፍ እንደተማረ፣ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ዛፍ ላይ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የወጣች ትል እንዳጽናናችው፣ ሲዘምርም የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ሳይሰማቸው እንደቀሩ ይተረካል። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈውም በሰሜን ተራሮች ነው። ሦስቱ ወፎችና ዛፉ ሁልጊዜ ይሣላሉ። ጎንደር ደግሞ በበአታ ቤተ ክርስቲያን ባለው የአቋቋም (የማኅሌት ዝማሬ) ማስመስከሪያዋ ዛሬም ዜማውን ታስተምራለች። ዝንጀሮውንና ዋልያውን ማስገባት የእኛ ዘመን ሠዓሊ ድርሻ ነው፤ ጭላዳ ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ቆዳ ብቻዋን ምልክት ለመሆን ትበቃለች።

ከጎንደር የተወሰዱ ሥዕሎች አሉ የሚባለውስ?

አሉ። በ1932 በፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ተልእኮ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በቦታውም ከቡድኑ ጋር የነበረ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ መሠራቱ ለመንቀል አመቺ ሆነ፤ ደግ ዘዴ ለክፉ ዋለ።

ቱሪስት መንደር የሚሸጠውን አሮጌ ብራና ብገዛ ችግር አለው?

በእውነት አሮጌ ከሆነ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። አሮጌ ካልሆነ ደግሞ በጭስና በቡና ውኃ ያረጀ አዲስ ብራና ነው፤ ለእርሱ የቅርስ ዋጋ መክፈል የለብዎትም። የሚያሳዝነው ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ ከተቀደደ እውነተኛ መጽሐፍ የተወሰደ ገጽ፣ በጥንቱ ጽሑፍ ላይ አዲስ አንበሳ የተሣለበት። ከሥሩ ፊደል ከታየዎት አይግዙ። ለሠዓሊው ሰላምታ ሰጥተው ዛሬ የሣለውን፣ ዛሬ ብሎ የፈረመበትን ይግዙት።

የዘመኑ ሠዓሊዎች ይህን ወግ ይጠቀሙበታል?

አዎ። እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) የጠልሰሙን ዓይንና መስመር፣ ወፍና ምናባዊ ፍጥረት ይዞ ፓሪስና አሜሪካ ድረስ ሄዷል፤ በብራና ላይም ሥሏል። ዘሪሁን የትምጌታ (በ1941 የተወለደ) ደግሞ በቀርከሃ ስንጥቆች ላይ በመሣል ሥዕሉ የተሠራበት ነገር ራሱ እንዲናገር አደረገ። ሁለቱም ቅዱስ ሥዕል አልሣሉም፤ ከቅዱስ ሥዕል መማርን ግን አላፈሩበትም።

ግማሹን ሰው፣ ግማሹን እንስሳ አድርጌ ብሥል ነውር ነው?

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ጠያቂዎቹም ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ሥዕሉን በመጽሐፍ ሸፍነው ነው የሚያሳዩኝ። መለያ መስመሩ እንዲህ ነው፦ ለጸሎት የሚቀመጥ ቅዱስ ሥዕል ሥርዓት አለው፤ እዚያ ላይ የራስን ፈጠራ መጨመር አይፈቀድም፤ የተማሩ አባቶችን መጠየቅ ይገባል። ቤትዎ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት፣ በወረቀትና በከሰል የሠሩት የራስዎ ሥዕል ግን ሌላ ነው። ወደ ላይ ቀና ብለው አርባዕቱ እንስሳን ቢያዩ የሰው አካልና የንስር ራስ በመገናኘታቸው ቤተ ክርስቲያን እንዳልደነገጠች ያያሉ።

አንዲት ተማሪዬ ከወገቧ በታች ሥር የሆነች ሴት ሣለች። ሥሩ ወርዶ ወርዶ የድንጋይ ግንብ ያቅፋል። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት ወደ ፋሲል መዋኛ ወሰደችኝ። የቀሃ ወንዝ ውኃ ለጥምቀት በሚሞላበት ገንዳ ዙሪያ የዛፎቹ ሥሮች በእርግጥ ግንቡን አቅፈው ይዘውታል፤ ያፈርሱታል ወይስ ይደግፉታል ለማለት ያስቸግራል። «ሴትዮዋስ?» አልኳት። አያቷ ናቸው። ሥዕሉን እስካሁን አላሳየቻቸውም፤ «ዛፍ አደረግሽኝ?» እንዳይሏት ፈርታ።